ከማጀት የተሰነቀ

ከኢትዮጵያ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከመጽሐፉ ይልቅ በርበሬው ይከብዳል። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ የአፈር ሳይንስ ለመማር ወደ ኔዘርላንድ፣ ወደ ዋገኒንገን ስጓዝ የእኔም ሻንጣ እንደዚያው ነበር። እናቴ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን በድርብ ፌስታል ቋጥራ፣ ሽታው ልብሴን እንዳይነካ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ደረደረችልኝ። ቋንጣና ንጥር ቅቤም አዘጋጅታ ነበር። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል መሆኑን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያው የጾሙን ያዝ። የጾሙ ይበቃሃል» አለችኝ።

ለማጽናናት የተናገረችው መስሎኝ ነበር። በቤታችን ሽሮና ምስር የዘወትር ነው፤ ዶሮ ወጥ የክብር። ሑዳዴ ሲገባ 55 ቀን የምንቆጥረው ፋሲካን እያሰብን ነው እንጂ ክክ ወጡን እያመሰገንን አይደለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ መለስ ብዬ ሳስበው ግን፣ በዚያ ብርድና ጥናት በበዛበት አገር ጤናዬን ጠብቆ ያቆየኝ ያው የጾም ምግብና ከምግቡ ጀርባ ያለው የእናቶች እውቀት ነው።

እውቀቱ በእጄ አልነበረም። ባደግሁበት ሰፈር ወንድ ልጅ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ምድጃው ዘንድ ሲደርስ ግን «አንተ ደግሞ ማጀት ምን አለህ?» ተብሎ ይመለሳል። እኅቶቼ ገና ልጆች ሳሉ ሊጥ መቼ እንደሚነሣ፣ ወጥ መቼ እንደሚወርድ ያውቁ ነበር። እኔ የአፈር ቀለም አይቼ ስለ ለምነቱ መናገር እየቻልሁ፣ የበሰለ ሽንኩርት ከጥሬው በምን እንደሚለይ የሚያሳየኝ አልነበረም። በየዓመቱ ከአገር የሚወጡ ብዙ ወንዶች ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን ማብላት ሳይማሩ ይሄዳሉ።

ዋገኒንገን በራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በእርሻና በምግብ ጥናት የታወቀ ስለሆነ ከብዙ አገር ተማሪ ይመጣል። የምንኖርባቸው ፎቆች በየወለላቸው አንድ የጋራ ወጥ ቤት አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መደርደሪያና የማቀዝቀዣው አንድ ክፍል ይደርሰዋል። የአገሬው ተማሪ ቀን ላይ የሚበላው ዳቦ በአይብ ነው። ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል፣ ቀዝቃዛውን ይበላል፣ ወተት ይጠጣበታል፤ ትኩስ ምግብ የሚቀርበው ማታ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ለነሱ የተስማማ ሥርዓት ነው። ከቁርስ ይልቅ ምሳ ላይ ሞቅ ያለ ወጥ ለለመደ ሆድ ግን ቀኑ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ ባዶውን የሚሞላው ደግሞ በቅርብ የሚገኘው ነው፤ ድንች ጥብስ፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ፒዛ፣ በፈላ ውሃ የሚደርስ ኢንዶሚ።

ከዚህ በላይ የሚያስርበን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም ፍቅር ነው። ከደሃ አገር የመጣ የስኮላርሺፕ ተማሪ እያንዳንዱን ዩሮ ወደ ብር እየመነዘረ ያስባል። በአገሩ እናት አለችው፣ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉት፣ የሚጠገን ጣሪያ አለ። ከወርሃዊ አበሉ ላይ ሊቀንስ የሚችለው የቤት ኪራዩን አይደለም፣ ኢንሹራንሱንም አይደለም፤ የሚቀንሰው ከሆዱ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ለማንም አይናገሩም። ቤተሰብ በስልክ «በላህ ወይ?» ሲል መልሱ ሁልጊዜ «በልቻለሁ» ነው። ይህን ዝምታ ሳስበው ዛሬም ልቤ ይነካል። ርካሽ ሆኖ አካልን የሚጠግን ምግብ ማብሰል ለእንዲህ ያለው ተማሪ ትርፍ ሙያ አይደለም፤ ቤተሰቡን እየረዳ ራሱም ሳይጎዳ የሚዘልቅበት ብቸኛ መንገድ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ጎልቶ ታየኝ። በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትጠልቃለች፤ በመካከሉ ያለውም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው። ድካሙ አልለቅ፣ ጨጓራዬ አልተኛ ሲል ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። የነገረችኝ ነገር ቀላል ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ካነሰ ብርሃን የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ትንሽ ነው፣ በዚያ ኬክሮስ ደግሞ የክረምቱ ፀሐይ ጭራሽ አይበቃም። የአገሪቱ የአመጋገብ ምክር ለጥቁር ቆዳ ሰዎች በየቀኑ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ እንዲወስዱ ያዛል። ይህን የእናቴ ድስት አይሰጠኝም፤ ከፋርማሲ ገዛሁት። ከዚያ ሐኪሟ፣ «የሚያበስልልህ ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልሁ። «እንግዲያው ተማር» አለችኝ።

ትምህርቱ በስልክ ተጀመረ። ያን ጊዜ አገር ቤት የምንደውለው በየሱቁ በሚሸጥ የጥሪ ካርድ ነው፤ ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ያስጠነቅቅና ይቋረጣል። እኔ ብዕርና ወረቀት ይዤ ምድጃው አጠገብ እቆማለሁ፤ እናቴ ከደብረ ማርቆስ ታዘኛለች።

«ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ። ድስቱ ሲግል ያለ ዘይት ጨምረውና አቁላላ።»

«ስንት ደቂቃ፣ እማዬ?»

«እኔ ደቂቃ አላውቅልህም። ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ነው። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርግበት።»

«ዘይቱስ?»

«ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ። አታብዛው፤ ወጥ የሚያጣፍጠው ቁሌቱ እንጂ ዘይቱ አይደለም።»

«በርበሬው ስንት ማንኪያ ይሁን?»

«ቀለሙን አይተህ ነዋ! ውሃ ጠብ እያደረግህ በደንብ አብስለው። ጥሬ በርበሬ ጨጓራህን ይልጠዋል።»

ቀን ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ የአፈር ናሙና በሚሊግራም ስመዝን እውላለሁ፤ ማታ እናቴ አንድም ቁጥር ሳትጠራ በሽታ፣ በቀለም፣ ድስቱ በሚሰጠው ድምፅ ታስተምረኛለች። መጀመሪያ ላይ ወረቀቴ ላይ የምጽፈው አጣሁ። ቆይቶ ግን የምትለው ሁሉ ትክክለኛ መለኪያ እንደሆነ ገባኝ። የምድጃው እሳት ይለያያል፣ ሽንኩርቱ ይለያያል፣ የበርበሬው ኃይል ይለያያል፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ድስት የማይለወጠው ያ የሽታና የቀለም ምልክት ነው። እሷ የሰጠችኝ ከደብረ ማርቆስ ከሰል ወደ ዋገኒንገን ኤሌክትሪክ ምድጃ ሳይበላሽ የሚሻገር እውቀት ነው። 

እዚያው ፎቅ ላይ ከእኛው አገር የመጣች፣ ሥነ ምግብ የምታጠና እኅታችን ነበረች። አንድ ማታ ምስር ወጤን ቀምሳ፣ «ወንድሜ፣ ይኼ በእንጀራ ሲበላ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» ብላ አስረዳችኝ። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ይህ ሞልቶት ሜቲዮኒን የተባለው ይጎድለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሥጋ ሳይኖር የተሟላ ፕሮቲን ይገኛል። ሊጥ ሲቦካ ደግሞ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ፋይቴት ብረትና ዚንክ አስሮ ከሰውነት እንዳይዋሐዱ የሚከለክል ነው። ሽሮ ላይ የምንጨምረው ቃሪያም ቫይታሚን ሲ ስላለው ከጥራጥሬው የሚገኘው ብረት በደንብ እንዲመጠጥ ይረዳል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዘው ትንሽ ቆይቶ ቢጠጣ ይሻላል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ስለሆነ ፍስክ ሲሆን እንቁላልና ወተት እንዳይቀሩ አደራ አለችኝ።

እያዳመጥኋት የማስበው ስለ እናቴ ነበር። ማጀት ውስጥ ላይሲን የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ረቡዕንና ዓርብን፣ ሑዳዴንና ፍልሰታን ያለ ሥጋና ያለ ወተት እየጾመ አርሶ የሚያመርት፣ ሠርቶ የሚገባ ሕዝብ እንዲኖር ያደረገው ግን ይህ ጥምረት ነው። ሕፃን የሚያሳድጉ፣ አራስ የሚጠግኑ ሴቶች በትውልድ ብዛት አይተው፣ ሞክረው፣ የበጀውን አስቀርተው ያወረሱን ነው። ከተመለስሁ ከዓመታት በኋላ የኔዘርላንድ የጤና ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ሕዝቡ በየሳምንቱ ጥራጥሬ እንዲበላ መከረ። ያን ሳነብ ሽሮ በየቀኑ የሚቀርብበት ቤታችን ትዝ አለኝ፤ ኮራሁም።

የእኅታችንን ማብራሪያ ከሰማሁ በኋላ የሳምንቱ ሥርዓት ተበጀ። ቅዳሜ በብስክሌት ወደ መሐል ከተማ፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወደሚዘረጋው ገበያ እወርዳለሁ፤ ሊበተን ሲቃረብ የአትክልቱ ዋጋ ይወርዳል። ምስር፣ ሽምብራና ክክ ከቱርኮችና ከሞሮኮዎች ሱቅ በትልቁ ከረጢት ይገዛል። እሑድ ከሰዓት ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አልጫ። ግማሹ በየዕለት ድርሻው ተከፍሎ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ከትምህርት ደክሞ የመጣ ሰው የሚጠብቀው የራሱ ወጥ እንዲሆን። ጠዋት የአጃ አጥሚት ነው፤ እኛ ለአራስ የምንሠራው አጃ እዚያ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል። ቤተ ሙከራ ስውል በሶ በማር በጥብጬ እይዛለሁ።

ጎመን ደግሞ ሳልፈልገው መጣልኝ። የኔዘርላንድ ሰዎች ክረምት ሲገባ ቅጠሉ የተጨማደደ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን አላቸው፤ ቡረንኮል ይሉታል፤ ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል ብለው ያምናሉ። እነሱ ቀቅለው ከድንች ጋር ደፍጥጠው ይበሉታል። እኔ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ሠራሁት፤ የአገሬን ጎመን አገኘሁት።

ቋንቋ ለመለማመድ የምጎበኛቸው አንዲት አዛውንት ደግሞ የአተር ክክ ሾርባ አበሉኝ። «ማንኪያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሾርባ አይባልም» አሉኝ፤ ቆመ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አምስተርዳም ነው። በ1944ና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፣ በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ ምዕራባዊው የአገሪቱ ክፍል ምግብ ተቋርጦበት ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ የቱሊፕ አበባ ሥር ሳይቀር ተበልቷል። እሳቸው ያን ክረምት አይተዋል። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ አተርና ቡኒ ባቄላ አለ። ከረሃብ ጋር ስሙ ተያይዞ ከሚጠራ አገር ለመጣ ለእኔ፣ በጠገበ አገር መሐል ጥራጥሬን እንዲህ የሚያከብር ሰው ማግኘት መጽናኛ ነበር። ክክ ለሳቸውም ለእናቴም አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን የማይበግረው እህል።

እንጀራው ብዙ ትዕግሥት ጠየቀ። የጤፍ ዱቄት እዚያ አለ፤ ጤፍ ኔዘርላንድ ውስጥም ይዘራል። የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ተብሎ በትንሽ ካርቶን፣ በውድ ዋጋ ነው። እኛ ጤፉን ከገብስና ከስንዴ ዱቄት ጋር እንቀላቅላለን። በብርዱ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ከማሞቂያው አጠገብ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይቆያል። እርሾው ከአንድ ተማሪ ወደ ሌላው በጠርሙስ ይተላለፋል፤ ተመርቆ የሚሄድ ለሚመጣው ያስረክባል። ምጣድ የለም፣ ሰፊ መጥበሻ ነው ያለው። ዓይን ያወጣ እንጀራ ከዚያ መጥበሻ ላይ ሲነሣ የተሰማኝን ደስታ የምርምር ወረቀቴ ሲያልፍ አልተሰማኝም።

እኔ ከመሄዴ ቀደም ብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት የጤፍ ዱቄትን የሚመለከት የፓተንት መብት ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ሰጥቶ ነበር። ያ መብት ኔዘርላንድ ውስጥ የተሻረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጉዳዩን ያየው የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም አለ። ይህን ለእናቴ ስተርክላት አልገባትም፤ «ጤፍ የሰው ሁሉ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ውጭ አገር ያሉ ጠበቆች ዋጋውን ያዩለት እውቀት በገዛ ቤታችን «የሴት ሥራ» ተብሎ መናቁ ያን ጊዜ አስቆጣኝ፤ ዛሬም ያስቆጣኛል።

ከማብሰል ይልቅ የከበደኝ ብቻ መብላት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት እንግዳ ይሆንበታል። ብዙ ተማሪ ቆሞ ይበላል፣ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይበላል፣ ወይም «ለእኔ ለብቻዬ ምን ላድርገው?» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው ብቻዬን በሆንሁ ቀን እጄን ታጥቤ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ሳህኔን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ተቀምጬ መብላት ነው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ የምታደርገውን ሁሉ ለራሴም አደርግ ጀመር፤ የዚያን ምግብ ዋጋ ሰውነቴ አወቀው።

ሁለተኛው ሰው መጥራት ነው። በወለላችን ሕንዶች፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ቻይናውያንና ኮሎምቢያውያን ነበሩ። በየተራ እናበስል ጀመር፤ ወዲያው አንድ ችግር ገጠመን። ሕንዳዊው ሥጋ አይበላም። ኢንዶኔዥያዊቷ ሙስሊም ስለሆነች ሥጋው ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች። ቻይናዊውን ወተት ያለበት ነገር ሆዱን ያመዋል። እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። የአንዱ ለሌላው አልሆን እያለ ሲያስቸግር፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑና አልጫው በቀረበበት ማታ ግን ማንም «ይኼ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ወደ ኋላ አላለም። ኢንዶኔዥያዊቷ አኩሪ አተር አብላልታ የምትሠራውን ቴምፔ ጨመረችበት። ሃይማኖታችንና አገራችን የተለያየ ሰዎች ሁላችንም እኩል የምንቀመጥበት ገበታ የጾም ገበታ ሆነ።

ዛሬ ትምህርቱም፣ ያ ፎቅም ካለፈ ዓመታት ሆኗል። ልጆቼ ሴትም ወንድም ናቸው፤ ሁለቱም ሽንኩርት ያቁላላሉ፣ ሁለቱም ሊጥ ያቦካሉ። ወንድ ልጄን «ማጀት ምን አለህ?» የሚል ዘመድ ቢመጣ መልሴ አጭር ነው፤ ያለው ጤናው ነው።

ልጃችሁን ለትምህርት የምትሸኙ ወላጆች ሆይ፣ ቪዛው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ምድጃው አጠገብ አቁሙት። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ አልጫ ክክ፣ ጎመንና የአጃ አጥሚት የሚችል ተማሪ ብዙ ሳያወጣ በልቶ ያድራል፣ ቤተሰቡን ይረዳል፣ ጎረቤቱን ይጋብዛል። በርበሬው ያልቃል፣ ሽሮውም ያልቃል፤ የተማረው ግን አብሮት ይኖራል። ልጅ ራሱን ማብላት እንዲችል ማስተማር ከወላጅ ግዴታዎች አንዱ ነው፤ ይህም ግዴታ ሴትና ወንድ አይለይም።